ዝም ያለ ሕፃን ሁሉ ጤነኛ ነውን?

ከአራስ ልጅ ተረከዝ ስለሚወሰድ የደም ምርመራ

ልጅ ሲወለድ ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ደህና ነው?» እንላለን። አዋላጇ የልጁን ለቅሶ ታዳምጣለች፣ ትመዝነዋለች፣ አተነፋፈሱንና የልቡን ምት ትመረምራለች። እናትም እቅፏ ውስጥ ሲገባ ጣቶቹን ትቆጥራለች፣ ፊቱን አገላብጣ ታያለች። ሁሉም በቦታው ከሆነ ቤተሰቡ ይደሰታል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፤ ገንፎውም ይቀርባል።

ይሁን እንጂ በዓይን የማይታዩ፣ በመዳሰስም የማይታወቁ አንዳንድ በሽታዎች አሉ። እነዚህ በሽታዎች ያሉበት ሕፃን ሲወለድ እንደ ማንኛውም ሕፃን ያምራል፣ ይጠባል፣ ያለቅሳል። ምልክቱ ጎልቶ የሚታየው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ግን አእምሮው የማይመለስ ጉዳት ደርሶበት ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ በሽታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከታወቀ ልጁ እንደ እኩዮቹ አድጎ፣ ተምሮ፣ ለወግ ለማዕረግ ሊበቃ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ከተረከዙ የሚወሰድ ጥቂት ጠብታ ደም ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ ምርመራ፣ እንዲሁም ምርመራው በቅርብ በማይገኝበት ቦታ ወላጆች ምን ማድረግ እንደሚችሉ እንነጋገራለን።

ችግሩ ምንድን ነው?

የምንበላው ምግብ፣ ሕፃኑም የሚጠባው ወተት፣ እንዳለ ወደ ሥጋና ደም አይለወጥም። ጤፍ እንጀራ እስኪሆን ድረስ መበጠር፣ መፈጨት፣ መቦካትና መጋገር እንዳለበት ሁሉ፣ ወተቱም በሰውነት ውስጥ ብዙ ደረጃ ያልፋል። በእያንዳንዱ ደረጃ ሥራውን የሚያከናውን ኤንዛይም የሚባል ነገር አለ። ከእነዚህ አንዱ ከተወለደ ጀምሮ የጎደለው ሕፃን ሥራው እዚያው ደረጃ ላይ ይቆምበታል። በዚህም ምክንያት ሁለት ዓይነት ጉዳት ይደርሳል። አንደኛ፣ መለወጥ የነበረበት ነገር ሳይለወጥ ይከማችና እንደ መርዝ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ከዚያ መገኘት የነበረበት ጠቃሚ ነገር ሳይገኝ ይቀራል።

«ታዲያ ሲወለድ ለምን ደህና ይመስላል?» ትሉ ይሆናል። ልጁ በማኅፀን ሳለ የሚከማቸውን ነገር የእናቱ ሰውነት በእንግዴ ልጁ በኩል እየተቀበለ ያጸዳለታል። እትብቱ ከተቆረጠና ወተት መጥባት ከጀመረ በኋላ ግን ሥራው ሁሉ የራሱ ይሆናል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ለመጠየቅ ያልሰለቹ እናቶች

የዚህ ምርመራ ታሪክ የሚጀምረው ከአንዲት እናት ነው። በኖርዌይ አገር ቦርግኒ ኤግላንድ የተባሉ እናት ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ሁለቱም ሲወለዱ ደህና ነበሩ፤ እያደጉ ሲሄዱ ግን አእምሯቸው ሊዳብር አልቻለም። እናትየው የልጆቻቸው ሽንት የተለየ ሽታ እንዳለው አስተዋሉ። ለብዙ ሐኪሞች ቢናገሩም የሚያዳምጣቸው አላገኙም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1934 ዶክተር አስብዮርን ፎሊንግ የተባሉ፣ የኬሚስትሪም ዕውቀት የነበራቸው ሐኪም ጥያቄያቸውን ተቀበሉ። ሽንቱን በኬሚካል ሲፈትሹት ባልተጠበቀ ሁኔታ አረንጓዴ ሆነ። ምርመራውን በመቀጠልም ልጆቹ ፌኒልአላኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ማቀነባበር የማይችሉ መሆናቸውን ደረሱበት። ይህ በሽታ ዛሬ ፌኒልኬቶንዩሪያ፣ ባጭሩ ፒኬዩ ይባላል።

ፌኒልአላኒን ፕሮቲን ባለበት ምግብ ሁሉ፣ ማለትም በወተት፣ በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በምስርና በሽሮ ውስጥ ይገኛል። ለጤነኛ ሰው አስፈላጊ ነው። ፒኬዩ ላለበት ሕፃን ግን በደሙ ውስጥ እየተከማቸ አእምሮውን ይጎዳል።

በሽታው ከታወቀ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሕክምና አልነበረውም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ አንዲት እናት ፒኬዩ ያለባትን የሁለት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ዶክተር ሆርስት ቢክል ዘንድ ቀረቡ። ልጅቷ መቆም እንኳ አትችልም ነበር። «ሕክምና የለውም» ቢባሉም እናትየው እየተመላለሱ ይጠይቁ ስለ ነበር፣ ሐኪሙና ባልደረቦቻቸው ፌኒልአላኒን የወጣለት ልዩ ምግብ አዘጋጁላት። ልጅቷ መዳህና ቆማ መሄድ ጀመረች። ይህም እ.ኤ.አ. በ1953 በሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጣ። ቀድሞ የደረሰባት የአእምሮ ጉዳት ግን ሙሉ በሙሉ ሊመለስ አልቻለም። በመሆኑም ሕክምናው አእምሮ ከመጎዳቱ በፊት መጀመር እንዳለበት ግልጽ ሆነ።

ታዲያ ገና ምልክት ያላሳየውን ሕፃን እንዴት መለየት ይቻላል? መልሱን ያገኙት በአሜሪካ የቡፋሎ ከተማው ዶክተር ሮበርት ጋትሪ ናቸው። እርሳቸው ራሳቸው አእምሮው ያልዳበረ ልጅ ወላጅ ነበሩ፤ የባለቤታቸውም የእህት ልጅ ፒኬዩ ነበረባት። ዶክተር ጋትሪ የተረከዝ ደም በወፍራም የማጣሪያ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጎ በማድረቅ ለመመርመር የሚያስችል ዘዴ ፈጠሩ። ከደረቀው ወረቀት ትንሽ ክብ ቆርጠው ባክቴሪያ ባለበት ሳህን ላይ ያስቀምጣሉ። በደሙ ውስጥ ፌኒልአላኒን ከበዛ ባክቴሪያው በወረቀቱ ዙሪያ ይራባል፤ ካልበዛ አይራባም። ርካሽና ቀላል ዘዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የአሜሪካዋ የማሳቹሴትስ ግዛት ምርመራው ለሕፃናት ሁሉ እንዲደረግ በሕግ ደነገገች። ሌሎች ግዛቶችና አገሮችም ተከተሉ፤ ለምሳሌ ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1965 በመላ አገሪቱ ጀመረች።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ከአንድ የደም ጠብታ ብዙ በሽታዎችን ባንድ ጊዜ የሚፈትሽ መሣሪያ ሥራ ላይ ውሏል። የሚወሰደው ደም ግን ዛሬም ያው ጥቂት ጠብታ ነው፤ ወረቀቱም ያው የማጣሪያ ወረቀት ነው።

«ልጄ ጨዋ ነው፤ አያስቸግርም»

ፒኬዩ አልፎ አልፎ የሚከሰት በሽታ ነው። በአሜሪካ ከ10,000 እስከ 15,000 ከሚሆኑ ሕፃናት አንዱ ላይ ይገኛል። ከተረከዝ ደም ከሚታወቁት ችግሮች መካከል ይበልጥ የሚያጋጥመው ከተወለዱ ጀምሮ የሚኖር የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት ነው። ምርመራው በሚደረግባቸው አገሮች በአብዛኛው ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚሆኑ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል።

ታይሮይድ አንገት ላይ የምትገኝ ትንሽ ዕጢ ናት። እንቅርት የሚወጣው ይህች ዕጢ ስታብጥ ነው። የምታመነጨው ሆርሞን ለሰውነት ዕድገት፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ለአእምሮ ዕድገት እጅግ አስፈላጊ ነው። ሆርሞኑ የጎደለው ሕፃን ሲወለድ በአብዛኛው ምንም አይታይበትም፤ በማኅፀን ሳለ የእናቱ ሆርሞን በከፊል ደርሶታልና።

እኛ አዋላጆችን የሚያሳስበን ምልክቱ በበሽታ አለመመሰሉ ነው። ለድኅረ ወሊድ ክትትል የሚመጡ እናቶች «ልጄ ጨዋ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል፤ ለቅሶውም አይሰማም» ሲሉ እንሰማለን። ጎረቤትም «ታድለሽ!» ይላል። እርግጥ ነው፣ አራስ ልጅ እንቅልፍ ያበዛል፤ አብዛኞቹ ዝምተኛ ሕፃናትም ጤነኞች ናቸው። ነገር ግን ለመጥባት እንኳ የማይነቃ፣ ሲቀሰቀስም ጥቂት ጠብቶ ተመልሶ የሚተኛ ሕፃን ጨዋ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም።

የዚህ በሽታ ሕክምና ሌቮታይሮክሲን የሚባል ኪኒን ነው። ሐኪሙ ባዘዘው መጠን በየቀኑ ተፈጭቶ በጥቂት የእናት ጡት ወተት ወይም ውሃ ይሰጣል። ልጁ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከተጀመረ አእምሮው እንደ ማንኛውም ልጅ ይዳብራል። ከዘገየ ግን በእያንዳንዱ ሳምንት የሚደርሰው ጉዳት ይጨምራል። «አርባው ወይም ሰማንያው ይድረስና እንወስደዋለን» ማለት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሎችስ?

ጋላክቶሴሚያ የተባለው በሽታ ያለበት ሕፃን በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር ማቀነባበር አይችልም። ጡት በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያስመልሰዋል፤ ቢጫ ይሆናል፤ ጉበቱ ይጎዳል። ሌላም ሽንቱ የተቃጠለ ስኳር የሚሸት፣ ሕፃኑን በመጀመሪያው ሳምንት የሚያዳክም በሽታ አለ። እንዲሁም አንዳንድ ሕፃናት ሲርባቸው በሰውነታቸው ውስጥ የተከማቸውን ስብ ወደ ኃይል መለወጥ ስለማይችሉ፣ ለረጅም ሰዓት ሳይጠቡ ከቆዩ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ይወድቃል። የእነዚህኞቹ ዋናው መከላከያ እንዳይራቡ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ይህን አንብባችሁ ጡት ማጥባት እንዳታቋርጡ! ጋላክቶሴሚያ በጣም ጥቂት ሕፃናትን ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ ጡት የሚቆመው ሐኪም መርምሮ ሲያዝ ብቻ ነው። ለሌሎች ሕፃናት ሁሉ ከእንገሩ ጀምሮ የእናት ጡትን የሚያህል ምግብ የለም።

ምርመራው እንዴትና መቼ ይደረጋል?

የሕፃኑ ተረከዝ በሞቀ ጨርቅ ይሞቃል፤ በአልኮል ይጸዳል፤ ከዚያም የተረከዙ ጎን በትንሽ መርፌ ይወጋል። የመጀመሪያው ጠብታ ይጠረግና ቀጥሎ የሚወጡት ጠብታዎች በማጣሪያ ወረቀቱ ላይ የተሳሉትን ክቦች እንዲሞሉ ይደረጋል። ወረቀቱ ከፀሐይ ርቆ ለጥቂት ሰዓታት ተዘርግቶ ከደረቀ በኋላ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ደሙ ደርቆ የሚላክ መሆኑ ጥሩ ጎን አለው፤ በጠርሙስ እንደሚላክ ደም ቶሎ አይበላሽም፤ በፖስታም ሊሄድ ይችላል።

ለምርመራው ተስማሚ የሆነው ጊዜ ከተወለደ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ በአብዛኛው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ወዲያው እንደተወለደ የማይደረገው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሕፃኑ ገና በደንብ ስላልጠባ የሚከማቸው ነገር በደሙ ውስጥ ላይታይ ይችላል። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ሕፃን በተወለደበት ቀን ታይሮይድን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በደሙ ውስጥ ከፍ ስለሚል፣ ጤነኛውም ልጅ በሽተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ይህ በእኛ አገር ልማድ ላይ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። እናት ከወለደች በኋላ ቶሎ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ አራስ ቤት ከገባች በኋላም መውጣት አይፈቀድላትም። እንግዲያስ በሦስተኛው ቀን ልጁን ማን ወደ ጤና ጣቢያ ይወስደዋል? ይህን ሳትወልዱ በፊት ባልና ሚስት ተነጋግራችሁ ወስኑ። እናትየው ደክሟት ከሆነ አባትየው ከአያቱ ወይም ከአክስቱ ጋር ሆኖ ሊወስደው ይችላል፤ ከተቻለ ግን ጡት እንዳይቋረጥበት እናቱም አብራ ብትሄድ ይመረጣል። አራስ ብርድ እንዳይመታት ደርቦ፣ ተሸፋፍኖ መውጣት ይቻላል።

ማጣሪያው እንደ ወንፊት ነው

ይህ ምርመራ «ማጣሪያ» የተባለው በምክንያት ነው። ዱቄት ስትነፉ በወንፊቱ ላይ የቀረው ሁሉ ገለባ አይደለም፤ እንደገና ይታያል እንጂ ወዲያው አይጣልም። በተመሳሳይ የመጀመሪያው ምርመራ «ጥርጣሬ አለ» ካለ ልጁ በሽታ አለበት ማለት አይደለም። ሌላ ደም ተወስዶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በሁለተኛው ምርመራ ብዙዎቹ ሕፃናት ጤነኞች ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ ተጠርታችሁ ስትመጡ አትደንግጡ። ፈርታችሁ ግን እንዳትቀሩ፤ በሽታው በእርግጥ ካለ እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለውና።

እንዲሁም ትክክለኛ አድራሻና ስልክ መስጠታችሁን አረጋግጡ። ውጤቱ ወጥቶ ቤተሰቡ ካልተገኘ ምርመራው ምንም አልጠቀመም ማለት ነው።

ምርመራው የት ይገኛል?

በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በስዊድን፣ በእስራኤልና በሌሎች ብዙ አገሮች ምርመራው ለሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ ይቀርባል። በአሜሪካ በአብዛኛው እናትየው ከሆስፒታል ሳትወጣ፣ በእንግሊዝ ደግሞ በአምስተኛው ቀን ይደረጋል። በውጭ አገር የምትወልድ እህት ወይም የወንድም ሚስት ካለቻችሁ «የልጁን ተረከዝ ወጉት» ብላ ስትደነግጥ ልታጽናኗት ትችላላችሁ። ልጁ ታሞ ሳይሆን፣ እዚያ ለሚወለድ ልጅ ሁሉ የሚደረግ መሆኑን ንገሯት።

በአገራችን ምርመራው ለሚወለደው ሕፃን ሁሉ በመደበኛነት የሚሰጥ አይደለም። ሆኖም በከተማ ለምትኖሩ ባለትዳሮች በሩ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አይደለም። የታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ በትልልቅ ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎችና ላቦራቶሪዎች ከደም ሥር በሚወሰድ ደም ይሠራል። ለሕክምናውም የሚያገለግለው ኪኒን የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬ ካደረባችሁ «የታይሮይድ ምርመራ ይደረግለት ወይ?» ብላችሁ ሐኪሙን ከመጠየቅ ወደኋላ አትበሉ።

ጥፋቱ የማን ነው?

ልጅ ታሞ ሲገኝ በብዙ ቤት የመጀመሪያው ወቀሳ በእናት ላይ ይወርዳል። «በእርግዝናሽ ምን በልተሽ ነው?» «የእናንተ ዘር ነው!» ይባላል። ዓይን በላው፣ ቡዳ ነካው የሚልም አይጠፋም። በዚህ የተነሣ ትዳር ሲናጋ፣ ልጅም ሲደበቅ እናያለን።

እውነቱ ይህ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት አብዛኛውን ጊዜ ዕጢዋ በማኅፀን በትክክል ሳትፈጠር ስትቀር የሚመጣ ሲሆን፣ ከወላጆች የሚወረስ አይደለም። ፒኬዩንና እርሱን የመሳሰሉት ግን ይወረሳሉ፤ የሚወረሱት ግን ከእናት ብቻ ወይም ከአባት ብቻ አይደለም። ልጁ እንዲታመም ጉድለቱን ከሁለቱም መውረስ አለበት። እናትና አባት እያንዳንዳቸው አንድ ደህና፣ አንድ ጉድለት ያለበት ቅጂ ስለሚይዙ ራሳቸው ጤነኞች ናቸው፤ መያዛቸውንም አያውቁም። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው።

«ከአራት አንድ» ሲባል ብዙ ሰው ይሳሳታል። «አንዱ ታሟል፤ የቀሩት ሦስቱ ደህና ይሆናሉ» ማለት አይደለም። በየእርግዝናው ዕጣው እንደ አዲስ ይወጣል። ሁለት ልጆች ተከታትለው ሊታመሙ ይችላሉ፤ አራቱም ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ።

በብዙው የአገራችን ክፍል አባቶቻችን ሰባት ቤት ቆጥረው ማጋባታቸው እዚህ ላይ ጥቅሙ ይታያል። የቅርብ ዘመዳሞች አንድ ዓይነት ጉድለት የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ስለሆነ፣ በዘመዳሞች ጋብቻ እነዚህ በሽታዎች ይበዛሉ። ሆኖም ዝምድና በሌላቸው ጥንዶችም ላይ ስለሚከሰት፣ ልጅ ታመመ ብሎ ወላጆችን መጠርጠር ተገቢ አይደለም።

ከቤተሰብ ምጣኔ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በዘር የሚወረስ እንዲህ ያለ በሽታ የታየበት ልጅ ያላችሁ ከሆነ፣ ወይም ምክንያቱ ሳይታወቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕፃን ሞቶባችሁ ከሆነ፣ የሚቀጥለውን እርግዝና ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ምክሩን እስክታገኙና የታመመው ልጅ ሕክምና መልክ እስኪይዝ ድረስ በመረጣችሁት የእርግዝና መከላከያ መቆየት ትችላላችሁ። ይህ «አትውለዱ» ማለት አይደለም፤ ውሳኔው የሁለታችሁ ነው። አስቀድሞ ማወቃችሁ ግን የሚቀጥለው ልጅ በተወለደ በቀናት ውስጥ እንዲመረመር ያደርጋል።

በልጅነቷ ለፒኬዩ ታክማ ያደገች ሴትም ማርገዝ ስትፈልግ አስቀድማ ማቀድ አለባት። ከመፀነሷ በፊት ጀምሮ ምግቧን ካልተቆጣጠረች፣ በደሟ ውስጥ የሚበዛው ፌኒልአላኒን በማኅፀኗ ያለውን ልጅ አእምሮና ልብ ይጎዳል፤ ልጁ ራሱ ፒኬዩ ባይኖርበትም እንኳ።

ዛሬ በእጃችሁ ያለው ምንድን ነው?

1. በእርግዝና ጊዜ አዮዲን ያለበት ጨው ተጠቀሙ። የታይሮይድ ሆርሞን ያለ አዮዲን አይሠራም፤ በደጋው የአገራችን ክፍል ደግሞ አፈሩ አዮዲን ስለሚያንሰው እንቅርት ብዙ ጊዜ ይታያል። ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው እ.ኤ.አ. በ2011 ደንብ ወጥቷል። ጨዉን በተከደነ ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

2. በጤና ተቋም ውለዱ። ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ቀን አካባቢ ለድኅረ ወሊድ ክትትል ተመለሱ።

3. ለአራስ ልጅ ቅቤ፣ ውሃ በስኳር ወይም አብሽ አትስጡ። በቀንና በሌሊት ከ8 ጊዜ ያላነሰ አጥቡት፤ ከተኛም ቀስቅሳችሁ አጥቡት።

4. የሚከተሉት ከታዩ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ የወፍ በሽታው ወይም ቢጫነቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፤ ለመጥባት ካልነቃ፤ የሆድ ድርቀት ካለበት፤ ለቅሶው ከሻከረ፤ ምላሱ ተልቆ ከአፉ ከወጣ፤ እምብርቱ ካበጠ፤ ሰውነቱ ከቀዘቀዘና ከዛለ።

5. መጀመሪያ ደህና ይጠባ የነበረ ሕፃን ድንገት መጥባት ከተወ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ሽንቱ እንግዳ ሽታ ካመጣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል አድርሱት።

6. ከዚህ በፊት የሞተባችሁ ሕፃን ወይም አእምሮው ያልዳበረ ልጅ በቤተሰባችሁ ካለ ለአዋላጇ ንገሩ። ይህን መናገር አያሳፍርም።

በክሊኒካችን የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሕፃኑን አያመውም? ጥቂት ያለቅሳል። እየጠባ ቢወጋ ሕመሙ ይቀንስለታል።

ለዚህን ያህል ትንሽ ልጅ ደም መውሰድ አይጎዳውም? የሚወሰደው ጥቂት ጠብታ ስለሆነ አይጎዳውም።

በእርግዝናዬ ጊዜ ደሜ ተመርምሯል፤ ያ አይበቃም? አይበቃም። የእርግዝናው ምርመራ የደም ዓይነትን፣ የደም ማነስን፣ ኤች.አይ.ቪ.ንና ቂጥኝን የመሳሰሉትን ለማወቅ ነው። የልጁን ኤንዛይም ወይም ታይሮይድ አያሳይም።

የማጣሪያው ውጤት ደህና ከሆነ ልጄ ከበሽታ ሁሉ ነጻ ነው? አይደለም። ምርመራው የሚናገረው ስለተፈለጉት በሽታዎች ብቻ ነው። በኋላ ምልክት ካያችሁ ውጤቱ ደህና ነበር ብላችሁ ቸል አትበሉ።

የታይሮይድ ኪኒኑ የዕድሜ ልክ ነው? ለብዙዎቹ አዎን። በአንዳንዶቹ ችግሩ ጊዜያዊ ስለሚሆን ሐኪሙ ልጁ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው እንደገና ሊመረምረው ይችላል። ልጁ ደህና ሆኗል ብላችሁ በራሳችሁ ፈቃድ ግን አታቋርጡ፤ ደህና የሆነው ኪኒኑን ስለወሰደ ነው።

ውድ ባለትዳሮች፣ ከላይ ያነበባችኋቸው ሁለት እናቶች የሕክምና ትምህርት አልነበራቸውም። የነበራቸው ልጃቸውን ማስተዋልና «ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ደጋግሞ መጠየቅ ነው። እናንተም ልጃችሁን ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ያሳሰባችሁ ነገር ካለ ቀላል ነው ብላችሁ በሆዳችሁ አትያዙት፤ ለሚቀጥለው ቀጠሮም አታቆዩት። ወደ ክሊኒካችን ብቅ በሉና ጠይቁን።